ከሃያ አራት ዲግሪ በታች

እልኸኛ ነኝ። ይህን የሚሉት የማይወዱኝ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ወልዶ ያሳደገኝ አባቴም ይለዋል፣ ያውም እንግዳ ፊት። ሥራዬ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ክትባት መስጠት ነው። የዕድሜዬን ግማሽ ያሳለፍኩት አንድ ፍሪጅ ስጠብቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ቴርሞሜትሩን አያለሁ፣ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት እጽፋለሁ። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት አያለሁ፣ እጽፋለሁ። ክትባት ሲሞቅም ይበላሻል፣ በረዶ ሲሆንም ይበላሻል። ወደ መስቃን ገጠር ስንወጣ በረዶ የታጨቀበትን ሣጥን ጋሪ ላይ ታቅፌው የምሄደው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈቅድም። እንዲህ ያለችው ሴትዮ አንድ ዓሣ ማቀዝቀዝ አቅቷት ሁለት ወር ሙሉ እንደ እብድ ትሆናለች ብሎ ማን ይገምታል?

ዓሣው የአባዬ ነው። አባዬ መርካቶ ውስጥ ብርጭቆና ሳህን ሲሸጥ ኖሮ፣ እማዬ ካረፈችና ጉልበቱም አልታዘዝ ካለው በኋላ ወደ እኔ የመጣ ሰው ነው። ሲመጣ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው እማዬ በእጇ የሠራቻቸው ዳንቴሎች የሞሉበት ሻንጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሱቁ መግቢያ ላይ ዓመታት የቆመው አኳሪየም፣ ከነሁለት ወርቃማ ዓሦቹ። ትልቁን ዓሣ «ደንበኛዬ» ይለዋል። «ሱቄን ከረገጡት ሁሉ ዋጋ ያልተከራከረኝ እሱ ብቻ ነው» ይላል፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም።

እኔ ትዳር ሳይሆንልኝ ቀርቶ ብቻዬን የምኖር ሰው ነበርኩ። ከሥራ ስመለስ በር ከፍቶ የሚጠብቀኝ አልነበረም። አባዬ ከመጣ ወዲህ ግን ገና ከግቢው በር «አንቺ ሴትዮ፣ መጣሽ?» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ይህን ድምፅ ለምጄዋለሁ። ሳሎን ውስጥ ከዓሣው ፊት ለፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ ድሮ ደንበኞቹ ይነግረዋል፤ ዓሣው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «አየሽ፣ ያዳምጣል» ይለኛል። እኔም ያዳምጣል ብዬ አምኜ ቁጭ አልኩ።

ቡታጅራ ቆላ አይደለችም፤ ሙቀት ነው ብሎ የሚያማርር ሰው እታች ቆላው ቆሼ ወርዶ ይሞክረው። የእኔ ሳሎን ግን ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፣ ኮርኒሱ የሳሳ፣ ጣሪያው ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ የማይለየው ነው። የካቲት ሲገባ የአኳሪየሙ ውኃ እጅ ሲነከርበት ለብ ይል ጀመር። ወርቃማ ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚወደው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ትንሹ ዓሣ በጎኑ ተንሳፍፎ አገኘሁት። አባዬ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ የዚያን ዕለት «መጣሽ?» አላለኝም።

ሰፈሩ እንደሆነ መቀለድ ይወዳል። ዓቢይ ጾም ነውና አንዷ «ምነው፣ ሳይፈታ በላችሁት እንዴ?» አለች። ሌላው «ትልቁን ለፋሲካ አደለቡት» አለ። አባዬ ይስቅላቸዋል። እኔ ግን አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር።

በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ። የአባዬን ሱቅ አሁን የሚሠራበት እሱ ነው። ሳሎን ገብቶ ኮቱን አወለቀ፣ ሸሚዙን ፈታ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ፊቱን በመሐረብ ጠረገ።

«እታለም፣ ይህ እኮ ምጣድ ነው» አለኝ። «ዓሣው ብቻ አይደለም፣ አባዬም ይበስላል። የእኔ ቤት ብርድ ነው፣ ምድር ቤት ክፍል አለኝ። ዓሣውን ልውሰደው፤ አባዬም ይምጣ።»

«አባዬ የትም አይሄድም!» አልኩ። መጮኼን ያወቅሁት ከጮኽኩ በኋላ ነው።

ወንድሜም ጮኸ። «ብቻሽን ወለደሽ እንዴ? እኔስ አባት አያስፈልገኝም?»

ሁለታችንም ወደ አባዬ ዞርን። አባዬ ዓይኑን ከዓሣው ላይ ሳያነሳ ረጋ ብሎ «ደንበኛዬ ወደሚሄድበት እሄዳለሁ» አለ። ዕቃ ቤት ገብቼ ሽንኩርት የምፈልግ መስዬ አለቀስኩ።

ስወጣ ግን እልኼ ተመልሶ ነበር። ስልኬ ላይ ቺለር ስለሚባል ማሽን አይቻለሁ፦ ውኃውን በፓምፕና በጎማ ከአኳሪየሙ ይቀበላል፣ እንደ ፍሪጅ ያቀዘቅዘዋል፣ መልሶ ይሰጠዋል። ወንድሜን «ይህን ማሽን ፈልግልኝና እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። ክፉ ልጅ አይደለም። መርካቶ ፈልጎ ያገለገለ አንድ ቺለር በሚኒባስ ላከልኝ፣ ስልክም ደወለ።

«ነጋዴው የዚህ ዓሣ ውኃ ከሃያ አራት በላይ መሆን የለበትም ብሎኛል። ፋሲካ ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ እኔ ራሴ እለካለሁ። ከሃያ አራት በታች ከሆነ አፌን እዘጋለሁ። ከበለጠ ግን ዓሣውን እጭናለሁ፣ አባዬንም ይዤው እሄዳለሁ። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው!

የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነው። ማሽኑ ሲመጣ ጎኑ የተጫጫረ፣ መልኩ የማያምር ሆኖብኝ እንግዳ እንዳያየው ብዬ ቡፌው ውስጥ፣ ከሳህኖቹ በታች አስገባሁትና በሩን ዘጋሁበት። ሃያ ሁለት ላይ አደረግሁት። አባዬ ከወንበሩ ሆኖ «ይህ ነገር ምን ይበላል?» አለኝ። «መብራት» አልኩት። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ዋለ፤ ውኃው ሃያ ስምንት። ቡፌውን ስከፍት ፊቴን ወላፈን ገረፈኝ። ሳህኖቹ እንኳ በእጅ አይያዙም ነበር።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ራሴን ሰደብኩ። ፍሪጅ ከግድግዳ አትለጥፉ፣ ጀርባው ይተንፍስ እያልኩ ስንቱን ሠራተኛ ያንጨረጨርኩ ሴትዮ ነኝ! ማሽኑ ከውኃው የነጠቀውን ሙቀት በጀርባው በኩል ይተፋል፤ እኔ ደግሞ በሩን ዘግቼ የተፋውን መልሼ እያስዋጥኩት ነበር። ከቡፌው አወጣሁት። መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጀርባውን ወደ ውጭ አዞርኩት፣ መስኮቱንም ከፈትኩለት። የሚተፋው ትኩስ አየር ወደ ጓሮ ይሄድ ጀመር። ሃያ ሰባት ሆነ።

አንድ ዲግሪ! ሰው በአንድ ዲግሪ እንዲህ ይደሰታል? ተደሰትኩ። በማግስቱ የፓምፑን ስፖንጅ አውጥቼ አጠብኩት፤ ጭቃ ነበር የሚመስለው፣ ውኃ ወደ ማሽኑ በደንብ አያሳልፍም ነበር። ጎማዎቹም ረዝመው ወለሉ ላይ እንደ እባብ ተጠምጥመው ነበርና አሳጠርኳቸው። የቀዘቀዘው ውኃ በረጅም ጎማ ሲጓዝ እግረ መንገዱን ይሞቃል። የአኳሪየሙን መብራት አጠፋሁ። ፀሐይ በሚገባበት በኩል ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ።

ጎማዎቹን የምጠቀልልበት ነገር ስፈልግ የከተማውን ሱቅ ሁሉ ዞርኩ። ለቧንቧ መጠቅለያ የሚሆን ፎም አለ ወይ ስል «አዲስ አበባ ነው የሚገኘው» ይሉኛል። ወንድሜን ላክልኝ ልለው አሰብኩና ተውኩት፤ ሽንፈት መሰለኝ። ገበያ መሐል ስሄድ አንዲት ሴት ቃጫ ዘርግታ አየሁ። እንሰት ፍቀን ቆጮውን የምንበላ፣ በተረፈው ቃጫ ገመድም ከረጢትም የምንሠራ ሰዎች ሆነን ፎም ፍለጋ መዞሬ ራሴን አሳቀኝ። አንድ ትልቅ እስር ተሸክሜ መጣሁ። ጎማዎቹን ጥቅጥቅ አድርጌ በቃጫ ጠቀለልኳቸው፣ በላዩ ላስቲክ አሰርኩ። የአኳሪየሙንም ጀርባና ጎን አለበስኩት። አባዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ለዓሣ ካልሲ ሲሠራ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ከዚያ ግን ራሱ ተቀምጦ ቋጠሮውን አጠበቀልኝ፤ የዕቃ ማሸግ ልምድ ከእጁ አልጠፋም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለካሁ። ሃያ ሁለት ከግማሽ! ጤና ጣቢያ የሄድኩት እየዘፈንኩ ነው። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ተመልሼ ለካሁ። ሃያ ስድስት።

ወይ ጉድ! ማሽኑ እያጓራ ነው። ጀርባው ትኩስ አየር ይተፋል። ጎማው ቀዝቃዛ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው። ሁሉም ነገር እንደተውኩት ነው። በማግስቱም እንዲያው፤ ጠዋት ሃያ ሁለት፣ አመሻሽ ሃያ ስድስት። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሰባት። መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ አባዬን ጠየቅሁት። «አልጠፋም» አለኝ። ምን ነካው ታዲያ? የፍሪጅ ባለሙያ አምጥቼ አሳየሁት፤ ጋዙም ኮምፕሬሰሩም ደህና ነው ብሎኝ ሄደ። መብራቱ ደክሞ እንደሆነ ብዬ ስታብላይዘር ገጠምኩ። ክዳኑ ላይ እርጥብ ፎጣ ዘረጋሁ። ቅዳሜና እሁድ እኔ ቤት ስውል ይሻለዋል፣ አስተካከልኩት እላለሁ፤ ሰኞ ይመለሳል። የሰውን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በራሴ መንገድ ስታገል ሁለት ሳምንት አለፈ። በዚያ መሐል አባዬን ስለ ሸሚዙም እቆጣው ነበር። ስመለስ የቀኝ እጅጌው ሁልጊዜ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው። «ምግብ ስትሰጠው እጅህን አትክተት፣ ከላይ በትነው» እለዋለሁ። «እሺ» ይላል። በማግስቱም እርጥብ ነው።

ነገሩ የገባኝ ጤና ጣቢያ ወረቀቱ ላይ ስጽፍ ነው። ጠዋትና አመሻሽ፣ ጠዋትና አመሻሽ። በመካከል ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም! ቤቴንም የምለካው በዚያው በለመደው እጄ ነው። በዚያው ዕለት አለቃዬን አስፈቅጄ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤቴ ገሰገስኩ።

ስገባ ሳሎኑ ጸጥ ያለ ነው፤ ማሽኑ አያጓራም። ሶኬቱ ተነቅሏል። መስኮቱ ተዘግቷል። ማሽኑ ላይ ደግሞ የእማዬ ትልቁ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑን ታለብሰው የነበረው፣ እስከ በርጩማው እግር ድረስ ተዘርግቶለታል። አባዬ ወንበሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ እጅጌው ረጥቧል፣ አጠገቡ ያላበው የውኃ ፕላስቲክ ቆሟል፤ የሚጠጣው መሰለኝ።

«አባዬ! ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ይረፍ ብዬ ነው። ሞተር አይደለም እንዴ? ሰው እንኳ ቀትር ላይ ያርፋል። ሱቅ ውስጥ የነበረውን ፍሪጅ ስድስት ሰዓት ላይ አጠፋው ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት አበራው ነበር። ስንት ዘመን አገለገለኝ መሰለሽ።»

«ዳንቴሉስ?»

«ዕቃ ራቁቱን አይቆምም። እናትሽ ብትኖር ታስቆመው ነበር? አቧራ ይገባበታል፤ መስኮቱንም ለዚያ ነው የዘጋሁት።»

ደሜ ፈላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእጄ ያልነካሁት ነገር የለም፤ ቃጫው፣ ስፖንጁ፣ ባለሙያው። እሱ ግን ሙቀቱ በሚበረታበት በዚያው ሰዓት ማሽኑን አጥፍቶ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል! እኔ ከመድረሴ በፊት ደግሞ ዳንቴሉን አጥፎ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ሶኬቱን ይሰካል። ለምን? «አይተሽ እንዳትጨቀጭቂኝ» አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ሳላስበውም ከአፌ ወጣ።

«አባዬ፣ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ፈልገህ ነው? ከፈለግህ ንገረኝ። በዓሣው አታሳብብ።»

ዝም ብሎ አየኝ። ዓይኑ ሲሞላ አየሁ፣ ወይም የመሰለኝ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ አኳሪየሙ መለሰ። በዚህ ንግግሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ግን ከማፈሬ ይልቅ ፍርሃቴ በለጠ። ዝም ያለው እውነቴን ስለተናገርኩ ነው ብዬ ነበር።

በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ አስረዳሁት። «የክትባት ፍሪጅ ያርፋል? ቀትር ላይ ባሳርፈው የመስቃን ሕፃን ሁሉ የተበላሸ ክትባት ይወጋ ነበር። ይህ ማሽን ዕረፍት ሲያስፈልገው ራሱ ያርፋል፤ ውኃው ሃያ ሁለት ሲደርስ ይቆማል፣ ሲሞቅ ይነሳል። አንተ ስታጠፋው ነው የሚደክመው፤ የቀትሩን ሙቀት ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻውን እንዲታገል ትፈርድበታለህ። ዳንቴል ስታለብሰው ደግሞ አፍንጫውን መያዝህ ነው።» አባዬ አሰበበት። ሠርቶ አደር ነውና ሥራ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታያል። ተነስቶ ዳንቴሉን አነሳ፣ ሁለት ጊዜ አጠፈና ቴሌቪዥኑ ላይ አኖረው። ሶኬቱንም ራሱ ሰካ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለ። ለማሽኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ገዝቼ የሙቀት መዝገብ አደረግሁት። ጠዋትና አመሻሽ እኔ እጽፋለሁ፤ የቀትሩን አባዬ እንዲጽፍ አዘዝኩት። በዚያ በወፍራሙ የነጋዴ ጽሑፉ፣ ሳይዘል፣ በየቀኑ ይጽፋል። ቁጥሩም ወረደ። በሥራ ቀን አመሻሽ ላይ ስለካ ሃያ፣ አንዳንዴም ሃያ ከግማሽ! ማሽኑን ያዘዝኩት ሃያ ሁለት ላይ እንዲቆም ነው፤ ከታዘዘው በታች ወረደልኝ። ቅዳሜና እሁድ ግን፣ እኔ ቤት ስውል፣ ሃያ ሁለት ላይ ይቆማል። ይህን ልዩነት በጣም ተመራመርኩበት፤ በሰንበት ቤቱ ሰው ስለሚበዛበት ነው፣ የሰው ትንፋሽ ያሞቀዋል አልኩ። ሥራ ቦታ ለባልደረቦቼ «ዋናው ቃጫው ነው» እያልኩ አስተማርኩ። አንዷ ጻፊውና እናሳትመው አለችኝ። ከምሬ ነበር የማስበው።

ፋሲካ ደረሰ። ወንድሜ ዋዜማውን መጣ፣ ለአባዬ ጋቢ፣ ለእኔ ሻሽ፣ ለራሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ የገዛውን ቴርሞሜትር ይዞ። «የአንቺን አላምነውም» አለኝ እየሳቀ። ከሳቁ በታች ግን ቁርጡን ይዞ እንደመጣ ገባኝ፤ የመኪናው ኋላ ላይ ለዓሣው የሚሆን ትልቅ ባልዲ ከነክዳኑ ተቀምጧል። በጉ ታረደ፣ ሥጋው ጓሮ ተሰቀለ፤ ውሻ እንዳይገባ ብዬ የጓሮውን በር ቆለፍኩ። ክትፎው ሲቀርብ አንድ ጉርሻ እንኳ አልዋጥልሽ አለኝ። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንድሜ እጁን ታጥቦ ተነሳ። ቴርሞሜትሩን ውኃው ውስጥ ነከረ። ቆጠረ። አወጣው፣ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ አየው፣ መልሶ ነከረው።

«ሃያ ሁለት» አለ። ትከሻው ወረደ። «አሸነፍሽ፣ እታለም።»

እልል ልል አፌን ከፍቼ የወንድሜን ፊት ሳይ ዘጋሁት። በጣም ከፍቶት ነበር። አባዬ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ ጉልበቱን ያዘ።

«አባዬ፣ ዲግሪውን ተወው» አለው። «ሁለታችንም አንተን አልጠየቅንህም። እውነት አንተ የት መሆን ነው የምትፈልገው?»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ። አንዱን መርጬ ሌላውን ላስከፋ? አልችልም። ስለዚህ ለዓሣው ተውኩት። ብርዱ ከተስማማው እዚያ፣ ይህ ቤት ከተስማማው እዚህ። እሱ ፈረደ፤ እኔ የለሁበትም።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ የሳሎኑ በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፣ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ጁስ ቤት ያላት፣ ሒጃቧን ያሳመረች ቀልደኛ ሴት። በሁለት እጇ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች።

«እንኳን አደረሳችሁ! አባባ፣ እንኳን አደረሰዎት፤ አረፈድኩ መሰለኝ፣ አይቆጡኝ። እንደ ሁልጊዜው በጓሮ ልገባ ብል በሩ ተቆልፏል።» ፎጣውን ገለጠችው። ድንጋይ የሆነ በረዶ ያለባቸው ሁለት የውኃ ፕላስቲኮች ናቸው። «ትናንት "ነገ ሰንበት ነው ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ትልቅ ቀን ነው" ስላሉኝ ዛሬ ሁለት አድርጌዋለሁ።»

አባዬ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። «የሚጠጣ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አባዬ ቀዝቃዛ ውኃ ጥርሱን ያመዋል፤ ጠጥቶ አያውቅም።

ወንድሜ ወደ ጎረቤታችን ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታመጪለት?»

«ትንሹ ዓሣ ከሞተ ማግስት ጀምሮ ነዋ! በሥራ ቀን ሁሉ ስድስት ሰዓት። እሳቸው የዓሣው ውኃ ጥግ ላይ ይከቱታል፣ ሲቀልጥ ፕላስቲኩን ይመልሱልኛል። ምነው፣ አታውቁም ነበር?»

የረጠበው እጅጌ፣ አጠገቡ ያየሁት ያላበው ፕላስቲክ፣ በሥራ ቀን ብቻ የሚገኘው ሃያ ዲግሪ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ለባልደረቦቼ የሰበክሁለት ቃጫዬ! ተናደድኩ፣ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ ቀደመኝ። ቺለሩ ገና ሳይታሰብ፣ እኔና ወንድሜ ገና ሳንጣላ፣ ይህ ሰው በየቀኑ ቀትር ላይ በረዶ ሲከት ነበር። እኔም ፊት ለፊቱ ቆሜ መሄድ ፈልገህ ነው ወይ ብዬዋለሁ።

ወንድሜ አዝኖ ነበር፣ አልደብቅም። አባዬ አሁንም ከኮርኒሱ ዓይኑን አልነቀለም፤ ልጁን ለማየት ፈርቶ ነው። በመጨረሻ ወንድሜ ተነሳ። የበዓል ሸሚዙን የቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቀለለና ከጎረቤታችን እጅ አንዱን በረዶ ተቀበለ።

«የቱ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ አባዬ?»

አባዬ ዓይኑን ቀስ ብሎ ከኮርኒሱ አወረደና አየው። «በዚያ፣ በግራው ጥግ» አለ። «ባንዴ አትልቀቀው እሺ፣ ቀስ አድርገህ። ደንበኛዬ ይደነግጣል።»

ወንድሜ ቀስ አድርጎ አወረደው፤ እጅጌው ግን ረጠበ።